በሙታኗ ያደገች ከተማ

ወሬው የደረሰኝ ድሬዳዋ ነው። የሚካኤል ጽዋ ደርሶኝ ቤቴ በማኅበርተኛ ተሞልቶ ነበር። ባለቤቴ ከባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ነጂ ይዞ መጣ፤ በእኛ አገር መንገድ የሚመላለስ ሰው ነው። ገና ቁጭ ከማለቱ፣

«እንኳን ደስ ያለሽ እትዬ፣ አገርሽ ከተማ ሆነ» አለኝ።

«ድሮስ ምን ነበር?»

«ድሮማ መንደር ነበር። አሁን ተቆጠረ፤ ሰዉ በዝቶ ተገኘ። ማዘጋጃ ቤት ተከፍቶለታል፤ ከመንገዱ ራስና ግርጌ ሰሌዳ ተተክሎለታል።»

ማኅበርተኞቹ እልል አሉልኝ። እኔም እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ሰውዬው ግን ዋንጫውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የእናትሽ ቤት ከመዝገቡ የለም። ሰው የማይኖርበት ቦታ ነው ተብሎ ለሌላ ሊሰጥ ነው። እኔ ራሴ እዚያው ደጃፍ ላይ ድንች በልቼ ነው የመጣሁ። ‹ለልጄ ንገርልኝ› ብለውኛል።»

ሰው የማይኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ድንች የቀቀለለት ማን እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንግዳ ነውና ተውኩት።

ከተማዋን በስም አልጠራትም። ከቆሰበር ወደ ዳንግላ ሲኬድ በመንገዱ ላይ ያለች ናት ካልኩ የሚያውቃት ያውቃታል። ሰዎቹንም አልጠራም። አብዛኞቹ እግዚአብሔር ፊት ቀርበዋል፤ እዚያ ስማቸውን አጥርቶ የሚጠራ አለ።

እኔ ተድሬ ስወጣ ያቺ ከተማ መኪና ቆሞ ውኃ የሚቀዳባት፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች መንገድ ዳር የተሰለፉባት፣ ከኋላዋ ገብስና ድንች ብቻ የሚታይባት ቦታ ነበረች። በክረምት ከሆነ ከተማ የሚያክለው ጭቃዋ ነው። የእናቴ ቤት ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ሣር ክዳን፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ። አባቴ ጠላት ከወጣ በኋላ የሠራው ነው፤ በሠራው በአራተኛው ዓመት ሞተ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛ ድንች እየቀቀለች፣ በሚጥሚጣ እያቀረበች ኖረች። ከዚያ ቤት ሌላ በምድር ላይ መግቢያ አልነበራትም። ይህን ነው «ባዶ ቦታ» ያሉት።

በሳምንቱ ተነሣሁ። በባቡር አዲስ አበባ፣ በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ ተሻግሬ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ አገሬ ገባሁ። ሰሌዳውን አየሁት። የከተማዪቱ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ የነዋሪው ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው እኔም ከነሱ ጋር ዋሸሁ ማለት ነው። ከሰሌዳው ሥር ሁለት አህዮችና አንድ ፍየል ቆመው ነበር። ሌላ ነዋሪ አላየሁም።

እናቴ ስማኝ ስታበቃ ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረችኝ።

«ሦስት ሆነው መጡ። አንዱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኮት ለባሽ፣ አንዱ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ አንዱ አገውኛ ለሚናገሩት አስተርጓሚ። ‹እማማ፣ ስንት ናችሁ?› አለኝ ኮት ለባሹ። ‹እግዜር ያውቀናል› አልኩት። ‹እግዜር እኮ እዚህ መዝገብ ላይ አይፈርምም› አይለኝ መሰለሽ! እንዴት ያለው ባለጌ ነው!»

«ታዲያ ‹አንድ ነኝ› ብትይው ምን ነበረበት?»

«አንድ ብሎ መጀመር አይደል መቁጠር?» አለችኝ። «ንጉሥ ዳዊት እንኳ ሕዝቡን ቢያስቆጥር ቸነፈር ወረደ። እኔ ማን ነኝና ነው? ይህን ስለው ጸሐፊው፣ ያ ዳዊት ደገምኩ ባይ፣ ‹ጌታችንስ በቤተልሔም የተወለደው እመቤታችን ለቆጠራ ሄዳ አይደል?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹ሄዳ ነው እንጂ! ተቆጥረው ሳያበቁ አይደል ሄሮድስ ሰይፉን ይዞ የመጣ?› አልኩት። አስተርጓሚው ሳቀ። ጸሐፊው አልሳቀም። ኮት ለባሹ አንዲት ነገር ጫር አድርጎ ወጣ።»

የጫራት ነገር «ሰው የለበትም» የምትል ነበረች። ይህን ያወቀችው ችካል ሊተክሉ ሲመጡ ነው። ቦታው የከተማው ሹም አማች ሱቅ ሊሠራበት የሚመኘው ቦታ መሆኑን ደግሞ የማያውቅ አልነበረም።

በማግሥቱ እናቴን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ማዘጋጃ ቤት የሚሉት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ የሹሙ የገብስ ማስቀመጫ። ጸሐፊው በኮቱ ኪስ ሦስት ብዕር ሰክቷል፤ ቀለም ያለው ግን አንዱ ብቻ መሆኑን ኋላ ሲጽፍ አይቻለሁ። እናቴ ስትገባ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ጨዋ ነው፤ አልክደውም። ከዚያ መዝገቡን ገለጠና፣

«የሉም» አለ።

«ማን ነው የሌለው?»

«እማማ።»

«አሁን ተነሥተው እጅ ነሥተዋቸው የለም እንዴ?»

«እሱማ ለዕድሜያቸው ነው እትዬ። መዝገብ ሌላ ነው።»

«እማማ ይኸው ፊትዎ ቆመዋል!»

«መቆሙን ቆመዋል» አለ፤ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ እያየ። «ነገር ግን ሹሙ መዝገቡን ዘግተውታል። አንድ መንገድ ብቻ አለ። በመዝገቡ የሰፈሩ ሦስት ጎረቤቶች መጥተው ‹እዚህ ቤት ይኖራሉ› ብለው ከፈረሙ ይታያል።»

ሦስት ጎረቤት ምን ያቅታል ብዬ ደስ አለኝ። የተመዘገቡትን እንዲያነብልኝ ለመንኩት። ከእናቴ ቤት በስተግራ ካለው ቤት ጀመረና እያንጎራጎረ ወረደ፦ ወልደ እንትን፣ ወለተ እንትን፣ ኃይለ እንትን። ሁሉም የክርስትና ስም ነው። ጆሮዬ ቆመ። የኛ አገር ሰው የቤት ስሙን እንጂ የክርስትና ስሙን ኮት ለለበሰ እንግዳ ሊሰጥ ቀርቶ ለጎረቤቱም አይናገርም፤ መተት ይሠራበታል ብሎ ይፈራል። እኔ ባለቤቴ የክርስትና ስሙን የነገረኝ ከተጋባን በስንት ወር ነው። የኛ አገር ሰው ያለ ፍርሃት የክርስትና ስሙ የሚጠራው ከሞተ ነው፤ ቄሱ በቅዳሴ ሲያስበው፣ በፍትሐት ሲጠራው።

ጸሐፊው ቀጠለ። አራተኛውን ስም ሲጠራ አወቅኩት። የዚያን ሰው፣ የግራ ጎረቤታችንን አባት፣ ተዝካር በልቻለሁ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነው፤ ሁለት በሬ ታርዶ፣ ድንኳኑ በዝናብ ወድቆብን፣ ሕፃናቱ ከሥሩ በእንብርክክ ወጥተን። አሁን ያ ሰው በመዝገቡ ላይ በሙሉ ጤና ተቀምጧል፤ ሥራው «ገበሬ» ተብሎ።

የእናቴን እጅ ይዤ ወጣሁና በቀጥታ በስተግራ ወዳለው ጎረቤት ሄድኩ። ልጅነቴን የሚያውቁኝ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀፎ በቅል ውኃ እያራሱ ጭቃ ይለስናሉ።

«አያ፣ አባትዎ ተመዝግበዋል» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ ሳያፍሩ።

«እናትዎም።»

«እሷስ ለምን ትቅር?»

«እርስዎስ?»

«እኔማ በሕይወት አለሁ፤ ምን በወጣኝ!»

ቀፏቸውን አስቀምጠው አስረዱኝ። ቆጠራ ሊመጣ ነው ሲባል አገሩ ተሸበረ። ቢቆጠሩ ቸነፈሩ፣ እንቢ ቢሉ ሹሙ። የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ። እሳቸውም አሰብ አሰብ አድርገው፣ «ሙታናችሁን ስጧቸው፤ ሙት ዳግመኛ አይቀሠፍም» አሉ። ሰዉ ተንፈስ አለ። የቄሱን የመታሰቢያ ዝርዝር በቃሉ የማያውቅ ቤት የለምና ቆጣሪው ሲመጣ እንደ ውዳሴ ማርያም ያወርዱለት ጀመር።

«እኔ ሰባት ሰጠሁ» አሉ ሽማግሌው። «ከማዶ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ቅድመ አያቷን ጨምራ አሥራ አምስት አደረሰች። እሷ መቼም ዱሮም መብለጥ ትወዳለች።»

«ሹሙ አላወቁም?»

«ማወቁንስ አወቀ! መዝገቡን ባየው ጊዜ ‹እንዲህ ነው እንጂ ቤተሰብ!› አለና ትከሻዬን መታኝ። ‹ዘንድሮ ዳንግላን እንበልጣለን› እያለ ነው። ይህም አልበቃው ብሎ በገበያ ቀን ጸሐፊውን መግቢያው ላይ አስቀመጠውና ከጥሊሊ የመጣውን፣ ከአዘና የመጣውን ሁሉ የኛ ነዋሪ ብሎ አስጻፈ። እነሱም ሞኝ አይደሉ፤ ሙታናቸውን ሰጥተው ጨዋቸውን ገዝተው ገቡ።»

እንግዲህ ያቺ ከተማ እንዲህ አደገች። ጥሊሊ ተወልዶ፣ ጥሊሊ ኖሮ፣ ጥሊሊ ተቀብሮ፣ ከሞተ በኋላ ወደ ከተማ የገባ ሰው እዚያ ብቻ ነው ያለው። እነዚህ ነዋሪዎች ቤት አይፈልጉም፤ ውኃ አይጠጡም፤ አቤቱታ አያቀርቡም። ሹም ሊገዛው የሚመኘው ሕዝብ ይኸው ነው። መዋሸት አልፈልግም ብላ ሕያውም ሙትም ያልሰጠች አንዲት ባልቴት ግን ከከተማው ጎደለች።

«አያ፣ ለእናቴ ይመስክሩላት» አልኳቸው።

«እኔ እኮ በመዝገቡ የለሁም ልጄ። የሚፈርም ከመዝገቡ ያለ ነው አላሉሽም? አባቴን ቀስቅሼ ላምጣልሽ?»

«የተጻፉት ሙታን ናቸው፣ ሕያዋኑ እኛ ነን፣ ሴትዮዋንም እናውቃታለን ማለት ያቅታል?»

ቀፏቸውን መልሰው አነሡ። «ቧንቧ ይገባላችኋል ብሎናል» አሉ። «ቁጥሩ ከወረደ ቧንቧው ይቀራል። ልጆቹም ያኮርፉኛል።»

ሌሎቹም ሁለቱ ጎረቤቶች ይህንኑ አሉኝ። አሥራ አምስት የሰጠችው ሴትዮ ጭራሽ አለቀሰችብኝ፤ «ቅድመ አያቴን ልታስወጪብኝ ነው?» ብላ። ሦስቱንም ለመንኳቸው። በማርያም አልኳቸው። በመጨረሻ ከእኔ ጋር እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሊመጡ ተስማሙ። ሊናገሩ ግን አልተስማሙም። እኔ ያን ጊዜ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሹሙ ፊት ቀረብን። ወፍራም ካባ ደርበው፣ ከገብሱ ጆንያ ጎን ተቀምጠው፣ ስለ ከተማ ዕድገት ንግግር አደረጉልን። ከተማ ማለት ሰው ነው አሉ። ሰው በበዛ ቁጥር መንግሥት ዓይኑን ይጥላል አሉ። ሲናገሩ እናቴ ቆማ ነበር፤ ወንበር የሰጣት የለም። ከተማቸው ሰው ከሆነ አንዱ ሰው እግሩ እየተንቀጠቀጠ ፊታቸው ቆሞ ነበር።

«እነዚህ ጎረቤቶች ያውቋታል» አልኩ።

ሹሙ ወደ ሦስቱ ዞሩ። «ታውቋቸዋላችሁ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛው፣ የእናቴን ድንች በየጠዋቱ እየበላ የሚወጣው ግንበኛ፣ «እኔ በመዝገብ ስለሌለሁ ምን አስተያየት እሰጣለሁ ጌታዬ» አለ።

ሹሙ እጃቸውን ዘረጉ፤ እይ እንግዲህ ለማለት። ከዚያ ግን ፊታቸው ለስለስ አለ። ክፉ መሆን አይፈልጉም ነበር፤ መስረቁንም በደግነት ቢያደርጉት ይመርጣሉ።

«አንድ ነገር ላድርግላችሁ» አሉ። «በመዝገቡ ባለቤት የሌላት አንዲት ባልቴት አለች። ገበያ ላይ ነው የተጻፈችው፤ ቤት አልተመደበላትም። የእማማን ቤት በእሷ ስም እናደርገዋለን። አማቼም ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እማማ ብቻ ስሟ ሲጠራ ‹አቤት› ይበሉ። አለቀ።»

ስሟን ጸሐፊው አነበበው። እናቴ አወቀቻት። ከአዘና በየገበያው ቅቤ ይዛ እየመጣች እናቴ ዘንድ የምታርፍ ሴት ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«የእሷን ፍትሐት ቆሜ ሰምቻለሁ» አለች እናቴ። «ዛሬ እኔ በስሟ አቤት ብል፣ በኋላ በዚያ ቀን እሷ ስትጠራ ማን አቤት ሊል ነው?»

አሁን የምጽፈውን ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ፤ እናንተም ስሙት። ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «እማ፣ አንዲት ቃል ናት። አቤት በይና ቤትሽ ግቢ። እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» አልኳት። እኔ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመዋ፣ በዓርብ ቀን፣ እንዲህ አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። «ድሬዳዋ እንዲህ ነው የምትጸልዩ?» አለችኝ።

ሹሙን እጅ ነሥታ ወጣች። መዝገቡ ተዘጋ። ጎረቤቶቹ ከኋላችን ቀስ እያሉ ወጡ፤ እስከ ቤት ድረስ ማንም አልቀደመን፣ ማንም አልደረሰብን።

ሰኞ ዕለት አማቹ ሰዎች ይዞ መጣ። ግንበኛው አብሯቸው ነበር፤ ቀን ሥራ ተገኝቶለት። አጥሩን ነቀሉት፤ ክዳኑን አወረዱት። እናቴ አባቴ የተከለውን ምሰሶ ብቻ «እሱን ስጡኝ» ብላ ለመነቻቸው፤ ሰጧት። ሁለት ሆነን ተሸክመነው ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ወደሚኖሩት ባልቴቶች ወሰድነው። እዚያ በአንዲት ጎጆ ጥግ አስጠጓት። ድሬዳዋ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። «ለሙቀቱም ለጸሎታችሁም አልሆንም» አለች። በሁለተኛው ዓመት ሞተች። እኔ የደረስኩት ከአርባዋ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። እዚህ የተማሩ ሰዎች ስለ ከተሞች ማደግ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ይህቺ በዚህ ያህል ጨመረች፣ ያቺ በዚያ ያህል በዛች ይላሉ፤ ከባሕር ማዶ ያሉ የደሴት አገሮችን ከተሞች ሳይቀር እየጠቀሱ ያነጻጽራሉ። አንድ ቀን ደፍሬ አንዱን፣ «ጌታዬ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ነው እንጀራ የሚበላው?» ብዬ ጠየቅኩት። የሳቀብኝ መሰለኝ። ይሳቅ። እነዚያ ደሴቶች የሚቆጥሩትን አላውቅም፤ እኔ አንድ ከተማ ሲያድግ በዓይኔ አይቻለሁ። የእናቴ ቦታ ላይ የቆመው ሱቅ በከተማው ታሪክ «ዕድገት» ይባላል። ቧንቧው አልገባም። የሹሙ ሰሌዳ ግን ቀለሙ ሁለቴ ታድሷል፤ ቁጥሩ ሁለቴም ከፍ ብሏል። ያቺ ከተማ ብዙ ሙታን አሏትና ገና ታድጋለች።

አሁን ለእናንተ ነው። በዚያ ዓርብ በዚያ ክፍል ለነበራችሁ። ሽማግሌው እንዳረፉ ሰምቻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። አንቺ አሥራ አምስት የሰጠሽው፣ አንተም ግንበኛው፣ በሕይወት እንዳላችሁ ከዚያ የመጣ ሰው ነግሮኛል። አስተርጓሚውም አለ ይባላል፤ በዚያ ዓርብ ባትኖርም በደጃፏ የሳቅኸው አንተ ነህ። ቦታውን መልሱልኝ አልልም። ሙታናችሁን አስወጡ አልልም፤ እዚያው ይኑሩ። ልጆቻችሁ በዚያ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ ቦታው ባዶ እንደነበረ ነው የሚያውቁት፤ እንዲህ ተብሎ ነውና የተጻፈው። ከእናንተ አንዳችሁ፣ ዕድሜያችሁ ሳያልቅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቁሙና በአፋችሁ ተናገሩ፤ «እዚያ ቦታ ላይ ሴት ትኖር ነበር፤ እኛም እናውቃት ነበር» በሉልኝ።